የዝምታ ቆጣሪ

አዛውንቱ ለአምስት ዓመት ሕፃን በተሠራች ወንበር ላይ ስለተቀመጡ ጉልበቶቻቸው አገጫቸውን ሊነኩ ምንም አልቀራቸውም። ወንበሯን ወደው አልመረጧትም፤ በመዋዕለ ሕፃናቱ ኮሪደር ላይ ሌላ መቀመጫ አልነበረም፤ ቆመው እንዳይጠብቁ ደግሞ እግራቸው ከጠዋት ጀምሮ አልታዘዝ ብሏቸዋል። ፊት ለፊታቸው ያለው በር ገርበብ ብሏል። ከበሩ ወዲያ፣ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት የተላከች፣ እርሳሷን ጆሮዋ ላይ የሰካች ገምጋሚ ሚጢጢን እየፈተነች ነው።

ሚጢጢ እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም፤ የክፍል ጓደኞቿ ሥራ ነው። ዕድሜዋ ስድስት፣ ቁመቷ ግን የአራት ዓመት ልጅ ነው። አምና በዚሁ ጠረጴዛ ፊት ቀርባ፣ አንዲት ቃል ሳይወጣት የጠረጴዛውን ጠርዝ ስታይ ቆይታ ወጣች። «አልተናገረችም» ተብሎ ተጻፈባት፤ አንደኛ ክፍል መግባቷ ቀርቶ ዓመቱን ደገመች። ደንቡ ከአንድ ጊዜ በላይ መድገም አይፈቅድም። ዛሬም ከወደቀች፣ ጓደኞቿ ወደ አንደኛ ክፍል ሲሻገሩ እሷ ከከተማው ማዶ ወዳለው፣ «ልዩ ክትትል ለሚሹ» ወደተባለው ትምህርት ቤት ትላካለች። እናቷ ይህን የሚገልጸውን ደብዳቤ ባነበበች ዕለት «ልጄ ቤት ውስጥ እኮ አፏ አያርፍም!» ብላ ተሟግታ ነበር። የሰሟት ሁሉ በአዘኔታ አንገታቸውን ነቀነቁላት እንጂ ማንም ልብ አላላትም፤ እንዲህ የማትል እናት የት አለች?

ደጋሚዎች በቅድሚያ ይፈተኑ የሚል ሌላ ደንብ ስላለ፣ የቀሩት ሃያ ሁለት ልጆች በግቢው ሲራኮቱ መጀመሪያ የገባችው እሷ ናት።

አዛውንቱ የልጅቷ አያት አይደሉም፤ የአስተማሪዋ አባት ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት በማርሽ ባንድ ውስጥ ሁለት የነሐስ ሳህኖችን ሲያጋጩ ኖረዋል። ሥራው ከውጭ ለሚያየው የጉልበት ሥራ ይመስላል፤ ከውስጥ ለሚያውቀው ግን ከአሥር እጁ ዘጠኙ ዝም ብሎ መቆም ነው። ጥሩምባዎቹ ሲያስገመግሙ፣ ዋሽንቶቹ ሲንቆረቆሩ፣ ሳህን መቺው ሁለቱን ነሐሶች ደረቱ ላይ አቅፎ ይቆጥራል። ተራው በአርባኛው ዙር ላይ ከሆነ፣ ሠላሳ ዘጠኝ ዙር ዝምታ ሳይዛነፍ መቁጠር አለበት፤ አንዲት ምት ቀድሞ ቢያጋጭ ሙሉ ሰልፉ ዘወር ብሎ ያየዋል። ስለዚህ የሙያው ሰዎች የራሳቸው አቆጣጠር አላቸው። እያንዳንዱ ዙር አራት ምት ነው፤ የመጀመሪያው ምት የዙሩን ቁጥር ይሸከማል። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ሦስት፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።» እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ማን ምን እንደሚቆጥር ለማንም አይነገርም፤ ከንፈር ብቻ ይንቀሳቀሳል።

ጡረታ ወጥተው፣ ሚስታቸውንም ቀብረው፣ ቤት መዋል በጀመሩ በአራተኛው ወር ልጃቸው አንድ ማለዳ በራፋቸው ላይ ቆመች።

«አባዬ፣ ይህን ግድግዳ አራት ወር ሙሉ አየኸው» አለቻቸው፤ «እስካሁን ፈቅ አላለም። ተነሥ፤ ትንሿን ከበሮ ያዝና ና።»

በየማለዳው ግማሽ ሰዓት ሰጠቻቸው። ሥራውንም ተከፋፈሉ፦ ፊደልና የቁጥር መልክ ለእሷ፣ ቆጠራው በምትና በእርምጃ ለእሳቸው። እሳቸው ግቢ ውስጥ ከልጆቹ ጋር ሲያስገመግሙ፣ እሷ በዚያች ግማሽ ሰዓት የማያልቁትን ቅጾች ትሞላለች። የልጆቹ ድምፅ በመስኮት ሲገባ፣ እርምጃው ሲጠብቅ፣ ሳቁ ሲፈነዳ ደስ ይላት ነበር። ሌላ ነገር አልጠየቀችም።

ልጆቹ «አባባ ዱም» ብለው የሰየሟቸው ሳምንት ሳይሞላ ነው። ከጨዋታዎቻቸው ሁሉ የሚበልጠው የዝምታው ጨዋታ ነበር። ክብ ሠርተው ይጓዛሉ፤ ከበሮው ዝም ይላል፤ ሁሉም በልቡ ይቆጥራል፤ በተባለው ዙር ላይ ሁሉም እኩል ይዘላል። በመጀመሪያው ቀን «በአምስተኛው ዙር ዝለሉ» ቢሏቸው፣ ከፊሉ በሦስተኛው፣ ከፊሉ ባሰኘው ቦታ ዘለለ፤ አንዱ ጭራሽ ቢራቢሮ ተከትሎ ሄደ። በትክክለኛው ምት መሬት የነኩት ሁለት እግሮች ብቻ ነበሩ፤ የሚጢጢ እግሮች። አዛውንቱ በዚያች ቅጽበት የተሰማቸውን ለማንም አልተናገሩም። ሠላሳ አንድ ዓመት በዝምታ ውስጥ ሲቆጥሩ የኖሩ ሰው ናቸውና፣ ዝም የሚል ሁሉ ባዶ እንዳልሆነ ከሌላው ሰው ይልቅ ያውቃሉ። በሦስተኛው ሳምንት የልጅቷ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። በአምስተኛው ድምፅ ወጣላት፤ እንደ ሹክሹክታ የሳሳ፣ ምቱን ግን የማይስት ድምፅ።

አሁን ያ ድምፅ በተገረበበው በር ሾልኮ ይሰማል። ገምጋሚዋ የእንጨት ኩቦች ጠረጴዛው ላይ ደርድራ «ቁጠሪልኝ» ብላለች። ረጅም ጸጥታ ሆነ። ከዚያ ጣት እንጨት ሲነካ ተሰማ፤

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ሦስት፣ ሁለት፣ ሦስት።»

አዛውንቱ ፊታቸው በራ። ተናገረች! ለማታውቀው ሰው፣ ያውም እርሳስ ለያዘ ሰው ተናገረች! አንድም ምት አልሳተችም፤ ሦስተኛው ዙር ላይ ሲደረስ የሚያደናቅፈውን ቦታ እንኳ እንደ ጥሩ ሙዚቀኛ ተሻገረችው። ጉልበታቸውን መታ መታ አደረጉ።

«ታዲያ ስንት ናቸው?» አለች ገምጋሚዋ።

«ሦስት።»

«ስንት?»

«ሦስት» አለች ሚጢጢ፣ ድምፅዋ ይበልጥ ጸንቶ።

እርሳሱ ወረቀት ላይ ሲንሸራተት ተሰማ። በሩ ተከፈተና ውስጥ ሆና ፈተናውን ስትከታተል የነበረችው አስተማሪዋ ወጣች፤ በስተኋላዋ በጥንቃቄ ዘጋችው። ፊቷ አመድ መስሏል።

«አባዬ፣ ምንድን ነው ያስተማርካቸው?»

«ቁጥር ነዋ! አልሰማሽም እንዴ? እንደ ውሃ አወረደችው እኮ!»

«የቀረበላት አሥራ አንድ ኩብ ነው። ስንት ነው ስትባል ሦስት አለች!»

«ልክ ናታ! ሦስተኛው ዙር ላይ፣ ሦስት።»

«የምን ዙር ነው?»

ሰው ሠላሳ ዓመት የሠራበት ነገር ከጊዜ ብዛት ሥራ መሆኑ ይቀርና እንደሚተነፍሰው አየር ይሆናል፤ አየር መኖሩን ደግሞ ማንም ቆሞ አይመረምርም። እሳቸውም በልባቸው ሲቆጥሩ ኖረዋልና የሰው ልጅ ሁሉ በልቡ እንዲያ የሚቆጥር መስሏቸው ነበር። ነገሩ አሁን ገባቸውና ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«እኔ… የባንዱን ነው ያስተማርኳቸው» አሉ።

«ከአራት የማያልፍ ቁጥር! አንድ ቀን እንኳ አምስት አላልክም?»

«ዙሩ አምስት ሲደርስማ እላለሁ።» ወዲያው ደግሞ አመማቸውና፣ «አንቺስ ብትሆኚ በመስኮት ሦስት ወር ሙሉ ስትሰሚ…» አሉ።

«እኔማ ሰልፍ የሚለማመዱ መሰለኝ!» አለች። ግድግዳውን ተደገፈች። «"ከአራት በላይ አትቆጥርም፤ ብዛት አትለይም" ብላ ጻፈች። በእርሳስ ነው። ከግምገማው በኋላ በቀለም ታጸናዋለች። አባዬ፣ ያቺ ልጅ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ለፈታኝ ተናገረች፤ የተናገረችው ሊጥላት ነው።»

አዛውንቱ ከወንበሯ ለመነሣት ሁለት ጊዜ ሞክረው በሦስተኛው ቻሉ። ወንበሯም ከእሳቸው ጋር ተነሥታ ነበር፤ ልጃቸው ጎትታ አላቀቀቻቸው። የማይገባበትን በር አንኳኩተው ገቡ።

ገምጋሚዋ ቀና አለች። «አባቴ፣ ፈተና ላይ ነን።»

«የኔ እመቤት፣ ይቅርታ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የልጅቷ አይደለም።»

ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ነገሯት፤ ስለ ሳህኖቹ፣ ስለ ዙሩ፣ ስለ ዝምታው። ገምጋሚዋ እስከ መጨረሻው ሰማች። ኩቦቹን አየች፤ በጣቷ አራት ለየች፣ አራት ለየች፣ ሦስት ቀሩ።

«ስለዚህ አሥራ አንድን አላጣችውም» አለች ለራሷ እንደምትናገር።

«እንዴት ታጣዋለች!»

«አባቴ፣ እርስዎ እኮ ለሕፃናት የጦር ሰፈር ምስጢር ነው ያስተማሩት።» አልሳቀችም፤ ከዓይኗ ጥግ ግን አንድ ነገር ላላ። «ይገባኛል። ቅጹ ግን አይገባውም። "በቅደም ተከተል እስከ ሃያ ይቆጥራል" ነው የሚለው። ደንቡ በዕለቱ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ዳግም እንድሰማ ይፈቅድልኛል። ሻይ ልጠጣ ነው። ግማሽ ሰዓት አላችሁ።»

ግማሽ ሰዓት! አዛውንቱ የሚጢጢን እጅ ይዘው፣ ልጆቹ ከሚጫወቱበት ራቅ ብለው፣ ከጓሮ ባለው የድንጋይ ንጣፍ ላይ ቆሙ። በአእምሯቸው አንድ መላ አወጡ፦ ሰልፍ ሳይሆን ተራ እርምጃ፤ ለእያንዳንዱ ንጣፍ አንድ ስም፤ የሚደገም ስም የለም። ማለት ቀላል ነው። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» ብለው ወደ አምስተኛው ንጣፍ ሲሻገሩ፣ ቀኝ እግራቸው በራሱ ሥልጣን ዘሎ መሬቱን መታና አፋቸው «ሁለት» አለ። ልጅቷም «ሁለት» አለች። ወደ ኋላ ተመለሱ። እንደገና ሞከሩ፤ እንደገና እግራቸው አራተኛውን አልፎ ሲረግጥ ምቱን አከበደው። ሦስት አሥርት ዓመት ያሠለጠኑት አካል በሠላሳ ደቂቃ አልገዛም አላቸው። በስድሳ አራት ዓመታቸው ያላወቁት ነገር ቢኖር መዘናጋት ነበር፤ አሁን መዘናጋትን እንደ ምጽዋት ፈለጉት። ከግንባራቸው ላብ ወረደ። አሥር ደቂቃ አለፈ።

በንጣፉ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ተስፋ የቆረጠ ሰው ጥያቄው ይቀላል፤ ከዚያ በፊት የተራቀቀ መላ ሲያወጣ ያለፈውን ነገር ያነሣል።

«ሚጢጢዬ» አሉ፤ «ቤት ከእናትሽ ጋር ስትቆጥሩ፣ ከአራት ቀጥሎ ምን ይመጣል?»

ልጅቷ በመገረም አየቻቸው።

«የቤቱን ነው?»

«አዎ፣ የቤቱን።»

«አምስት።»

«ከዚያስ?»

«ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት…» እያለች፣ አንዲት እግሯን እያነሣችና እየጣለች፣ እንደ መሰላቸት ባለ ድምፅ ተንደረደረች። እናቷ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኛ ናት፤ ማታ ማታ የልብስ ቁልፎች በካርድ ላይ እየሰፋች ትጨርሳለች፣ በአንዱ ካርድ ሠላሳ ስድስት ቁልፍ። ቆጣሪዋ ሚጢጢ ናት። «…ሠላሳ አራት፣ ሠላሳ አምስት፣ ሠላሳ ስድስት። ሞላ።»

አዛውንቱ ከንጣፉ ጠርዝ ቀና አሉ።

«ታዲያ» አሉ፣ «ለሴትዮዋ ለምን እንዲህ አልቆጠርሽላትም?»

«ትምህርት ቤት ነዋ!» አለች ሚጢጢ፣ በአዋቂ ሰው ትዕግሥት። «የቤቱ የቁልፍ ነው። የትምህርት ቤቱ የአባባ ነው።»

አዛውንቱ መሣቅ ጀመሩ፤ ሳቁ ግን ከደረታቸው ሲወጣ እንደ ልቅሶ ያነቃንቃቸው ነበር። ሦስት ትልልቅ ሰዎች፣ አንድ ቅጽና አንድ ደንብ በአንዲት ልጅ ላይ ሲመክሩ፣ እሷን የጠየቃት አልነበረም። ልጅቷ ሁለት አቆጣጠር አውቃ፣ እያንዳንዱን በየቦታው በሥርዓት አስቀምጣ ኖራለች። እኛ ከቤት ወደ ሥራ ስንሻገር አነጋገራችንን እንደምንቀይር፣ እሷም ቁጥሯን ትቀይራለች።

«እንግዲያው ስሚኝ» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «ዛሬ ሴትዮዋ የምትፈልገው የቤቱን ነው።»

«ቁልፍ አላት?»

«የላትም። ኩቦቹን እንደ ቁልፍ ቁጠሪላት።»

ሚጢጢ ነገሩን አሰበችበት። «እሺ» አለች።

ሲመለሱ ገምጋሚዋ ሃያዎቹን ኩቦች ሁሉ ደርድራለች። አዛውንቱ በሩ አጠገብ እንዲቆሙ ተፈቀደላቸው፤ አፋቸውን ከከፈቱ ግን ፈተናው እንደሚሰረዝ ተነገራቸው። ልጃቸው ከመስኮቱ ሥር ቆማ ጣቶቿን ታፍተለትላለች። ሚጢጢ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ እግሮቿ መሬት አይደርሱም።

«በይ፣ ቁጠሪልኝ የኔ ልጅ።»

ዝም።

ገምጋሚዋ ጠበቀች። ሚጢጢ የጠረጴዛውን ጠርዝ ታያለች፤ የአምናውን ጠርዝ። አዛውንቱ ሳያስቡት በልባቸው መቁጠር ጀመሩ፤ አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ ሦስት ዙር። በባንዱ ሠላሳ ዘጠኝ ዙር እንኳ ይህን ያህል ረዝሞባቸው አያውቅም። ሰባተኛው ዙር ላይ ገምጋሚዋ እርሳሷን ከጆሮዋ ላይ አወረደች። ስምንተኛው ዙር ላይ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበች።

«ቆሜ?» አለች ሚጢጢ።

«ምን አልሽ?»

«ቆሜ ልቁጠር?»

ገምጋሚዋ ቅጹን ተመለከተች። አስተማሪዋ ከመስኮቱ ሥር ፈጥና፣ «ቅጹ ተቀምጣ አይልም» አለች።

ገምጋሚዋ ቅጹን ገልብጣ ጀርባውንም አየች። «አዎ፣ አይልም» አለች። «ቆመሽ ቁጠሪ፣ ካሻሽም እየተንከባለልሽ ቁጠሪ፤ ብቻ ቁጠሪልኝ።»

ሚጢጢ ከወንበሩ ተንሸራታ ወረደች። ጠረጴዛውን መዞር ጀመረች፤ በየእርምጃዋ አንድ ኩብ ትነካለች። «አንድ» አለች ሹክ ብላ። አራት ላይ ስትደርስ የአዛውንቱ ልብ ቆመ። «አምስት» አለች። ልባቸው ሥራውን ቀጠለ። በስምንት ድምፅዋ ከሹክሹክታ ወጣ፤ በአሥራ ሁለት እስከ ግድግዳው ድረስ ተሰማ። ሃያ ላይ ኩቦቹ አለቁ፤ ልጅቷ ግን አላለቀችም፤ ወደ መስኮቱ ሄዳ መስታወቶቹን ቀጠለች፤ ከመስታወቱ ወደ ልብስ መስቀያው ተሻገረች።

«ይበቃል፣ ይበቃል የኔ ልጅ» አለች ገምጋሚዋ በሠላሳ አንድ።

«ካርዱ አልሞላም» አለች ሚጢጢና እስከ ሠላሳ ስድስት ሄደች።

ላጲሱ ወረቀቱን ሲፈትግ የተሰማው ድምፅ ለአዛውንቱ ከሰሙት ሙዚቃ ሁሉ የጣመ ነበር። ገምጋሚዋ የላጲሱን ብናኝ እፍ ብላ አራገፈች፤ ብዕሯን አውጥታ በቀለም ጻፈች። ከዚያ አሥራ አንድ ኩብ ለይታ ወደ ልጅቷ ገፋች።

«ይህ ከፈተናው ውጭ ነው፤ ለእኔ ብቻ። በአባባ አቆጣጠር ስንት ነው?»

«ሦስት ሁለት ሦስት» አለች ሚጢጢ ሳትነካቸው። ገምጋሚዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

አስተማሪዋ አባቷ ትከሻ ላይ ግንባሯን አሳረፈች። «ከነገ ጀምሮ» አለች፣ «ግማሽ ሰዓቷን አብሬህ ነኝ። ቅጹ ይጠብቅ።»

«እንዲያውም ነግሬሽ ነበር…»

«አልነገርከኝም፣ አባዬ።»

«አልነገርኩሽም» አሉ።

ገምጋሚዋ ስም ዝርዝሩን ገለጠችና ድንገት እጇን አቆመች። «አባቴ፣ ውጭ ያሉት ሃያ ሁለቱም እንዲህ ናቸው?»

«ሁሉም።»

«ታዲያ ምን ቆመው ያዩኛል? ይሩጡ እንጂ!»

አዛውንቱ አልታዘዝ ባላቸው እግር ሮጡ። ግቢው መካከል ቆመው እጃቸውን አንሥተው «ልጆች! ቤት የምትቆጥሩት እንዴት ነው? የቤቱን አሰሙኝ!» ሲሉ፣ ሃያ ሁለት አፍ በአንድ ጊዜ ተከፈተ። አንዱ ደረጃ እንደሚወጣ ቆጠረ፣ አንዷ እህቷ ፀጉሯን ስትጎነጉን እንደምትቆጥረው፣ አንዱ ከአሥር ወደ ኋላ ብቻ እንደሚያውቅ ታወቀ። የመጨረሻውን ለማስተካከል ሁለተኛው ልጅ እስኪጠራ ድረስ ጊዜ ነበር።

የሚጢጢ እናት ከአጥሩ በር ውጭ ቆማለች፤ የፋብሪካ ጋዋኗን እንኳ አላወለቀችም። አዛውንቱ ሲያዩዋት ከሩቅ ራሳቸውን ወደ ላይና ወደ ታች ነቀነቁላት፤ አላመነችም፤ እስኪጠጉ ጠበቀች።

«ተናገረች?»

«አፏ አያርፍም ብለሽ አልነበረም? ይበቃል ቢሏትም እምቢ አለች። አልፋለች፣ ልጄ። በቀለም ተጽፏል።»

ሴትየዋ የአጥሩን ብረት ያዘች። ከዚያ ከጋዋኗ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። የከሰዓት ፈቃድ ነበር፤ ከከተማው ማዶ ያለውን ትምህርት ቤት ሄዳ ልታይ፣ የአውቶቡሱን መስመር ልትጠይቅ ከአለቃዋ ለምና ያገኘችው። ወረቀቱን ከፍታ አየችው፤ ወደ አዛውንቱም አየች።

«አባቴ» አለች፣ ፊቷ ላይ ግራ የተጋባ ፈገግታ እየሰፋ፣ «ይህን ሁሉ ከሰዓት አሁን ምን ላድርገው?»

ሚጢጢ ከኮሪደሩ ወጥታ እየሮጠች ነበር።